ለራስ በሚደረግ የታሮት ንባብ ስንት ካርድ ይበቃል?

ጥያቄ፦ የታሮት ካርድ፣ ማለትም ለጥያቄ መልስ ሲፈለግ እየተመዘዙ የሚተረጎሙትን ባለ ሥዕል ካርዶች፣ የማነበው ለራሴ ብቻ ነው። መጀመሪያ በየጠዋቱ አንድ ካርድ እመዝ ነበር፤ ቆይቼ ወደ ሦስት፣ በኋላም አሥር ካርድ ወደሚዘረጋበት የኬልቲክ መስቀል ተሻገርኩ። በቅርቡ ከታላቅ እህቴ ጋር ተኳርፈን «እኔ ቀድሜ ላናግራት ወይስ ልጠብቅ?» ብዬ አሥሩን ካርድ ዘረጋሁ። በመጨረሻው ቦታ ላይ «ግንቡ» የተባለው አስፈሪ ካርድ ወጣ። ደንግጬ «ይህ ምን ማለት ነው?» እያልኩ የማብራሪያ ካርድ ስጨምር ጠረጴዛው ላይ 15 ካርድ ሞላ፤ ከጀመርኩበት ይልቅ ግራ ተጋብቼ ተነሣሁ። እህቴንም እስካሁን አላናገርኳትም። ለመሆኑ ለራሴ ሳነብ ስንት ካርድ ብጠቀም ነው ትክክል? ጥቂት ካርድ ሳወጣ ደግሞ ከባዱን ጉዳይ ያቃለልኩት ይመስለኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አጭሩን መልስ ላስቀድምና ምክንያቱን ቀጥዬ በስፋት ላስረዳ። ለጻፉልን ዓይነት ጥያቄ ሦስት ካርድ ይበቃዎታል። ከቁጥሩ ይበልጥ አጥብቄ የማሳስብዎ ግን ቁጥሩ መቼ እንደሚወሰን ነው፤ የካርዱ ብዛት መወሰን ያለበት ካርዶቹን ከመበወዝዎ በፊት ሲሆን፣ ከተገለጡ በኋላ አንድም ሊጨመር አይገባም። በእኔ እምነት ያን ዕለት ግራ ያጋባዎት አሥር ካርድ መዘርጋትዎ ሳይሆን አሥሩ አሥራ አምስት የሆኑበት መንገድ ነው።

በታሮት ልማድ ውስጥ ሁሉም የተስማማበት ቁጥር የለም። ካርዶቹ 78 ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ 22ቱ ሜጀር አርካና የሚባሉት ዐበይት ካርዶች ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ 56ቱ በበትር፣ በጽዋ፣ በሰይፍና በሳንቲም ምድብ ለእያንዳንዱ 14 ሆነው የተከፈሉ ናቸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣልያን ሲሠሩ ለመጫወቻ ነበሩ፤ ዕጣ ፈንታን ለመጠየቅ በሰፊው መዋል የጀመሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ በፈረንሳይ ነው። ከዚያ በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በብሪታንያ የተመሠረተው «ወርቃማው ንጋት» የተባለው ማኅበር 78ቱንም ካርዶች በአንድ ንባብ ውስጥ የሚያውል ረጅም ዘዴ ነበረው። በሌላ በኩል በቀን አንድ ካርድ ብቻ እያወጡ በዚያው የረኩ፣ ልምድ ያካበቱ አንባቢዎች ሞልተዋል። ስለዚህ ብዙ ካርድ የዕውቀት፣ ጥቂት ካርድ የጀማሪነት ምልክት ነው የሚለውን ሐሳብ ከአእምሮዎ ያውጡት፤ ከአንድ ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አሥር ያደረጉት ጉዞም ወደ ኋላ ሊመለሱበት የማያሳፍር ጉዞ ነው።

የኬልቲክ መስቀልን ለብዙኃኑ ያስተዋወቀው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ነው። እርሱና ሠዓሊዋ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ ያወጧቸው ካርዶች እስከ ዛሬ ድረስ በስፋት ይሠራባቸዋል። ዌይት ስለ ካርዶቹ በጻፈው መመሪያ ይህን ዝርጋታ ያቀረበው ጥርት ላለና ለተወሰነ ጥያቄ መልስ መፈለጊያ አድርጎ ነው። አሥሩም ቦታዎች እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው፤ ጉዳዩን የሸፈነው ሁኔታ፣ የሚያቋርጠው እንቅፋት፣ ከሁሉ የተሻለው ሊደረስበት የሚችል ነገር፣ የጉዳዩ መሠረት፣ እያለፈ ያለው፣ እየመጣ ያለው፣ ጠያቂው ራሱ፣ ቤቱና አካባቢው፣ ተስፋውና ፍርሃቱ፣ በመጨረሻም ፍጻሜው። የመጨረሻው ካርድ አጠራጣሪ ሆኖ ቢገኝ ምን ይደረግ ለሚለው የሰጠው ምክር ለእርስዎ ጉዳይ ቀጥተኛ መልስ ነው። በላዩ ሌላ ካርድ ይጨመር አላለም፤ ያንኑ አሥረኛ ካርድ መነሻ አድርጎ ንባቡን እንደ አዲስ መድገም እንደሚቻል ነው የጻፈው። ሁለተኛው ንባብም ቢሆን የራሱ አሥር ቦታዎች ይኖሩታል ማለት ነው። እርስዎ የጨመሯቸው አምስት ካርዶች ግን ቦታም ሥራም አልተሰጣቸውም ነበር፤ ስለዚህ ስለ እህትዎ ይሁን፣ ስለ ግንቡ ይሁን፣ ስለ ድንጋጤዎ ይናገሩ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

አሁን ወደ ግንቡ ልመለስ፤ ምክንያቱም የካርድ ብዛት ከሚያስከትላቸው ነገሮች ሁሉ አንባቢዎች በጣም የሚዘነጉት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። በመብረቅ የተመታው ግንብ፣ ከአናቱ ተገንጥሎ የሚወድቀው ዘውድ፣ ከነእሳቱ ቁልቁል የሚወረወሩት ሁለት ሰዎች በእርግጥ የሚያስደነግጥ ሥዕል ናቸው። ይሁንና ሰዎች አብዝተው የሚፈሯቸውን ሦስት ካርዶች፣ ማለትም ግንቡን፣ ሞትንና ዲያብሎስን ብንወስድ፣ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ በአንድ ካርድ ንባብ የመውጣት ዕድሉ ከመቶ 4 ገደማ ነው። በሦስት ካርድ ንባብ ከመቶ 11፣ በአሥር ካርድ ከመቶ 34፣ እርስዎ እንደደረሱበት በ15 ካርድ ደግሞ ከመቶ 48 ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር አሥር ካርድ የሚዘረጋ ሰው በየሦስቱ ንባብ አንዴ ያህል ከእነዚህ አስፈሪ ሥዕሎች ከአንዱ ጋር ይገናኛል፤ 15 የሚዘረጋ ሰው ደግሞ ከሁለት ንባቦች በአንዱ ያህል። ይህን የሚያደርገው የጉዳዩ ክፋት ሳይሆን የካርዱ ብዛት ነው። ዐበይት ካርዶችም እንዲሁ ናቸው፤ በአንድ ካርድ ንባብ ዐቢይ ካርድ የሚወጣው ከመቶ 28 ጊዜ ያህል ሲሆን፣ በአሥር ካርድ ንባብ ግን ቢያንስ አንድ ዐቢይ ካርድ መገኘቱ ከመቶ 97 የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ በሚያወጡት አንድ ካርድ ላይ ዐቢይ ካርድ ሲወጣ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው፤ በአሥሩ መካከል አንድ ዐቢይ ካርድ አየሁ ብሎ ጉዳዩ ታላቅ ነው ማለት ግን መሠረት የለውም።

የብዛቱ ሌላ ሸክም በካርዶቹ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ንባብ እያንዳንዱን ካርድ ለብቻው መተርጎም ብቻ ቢሆን ኖሮ አሥር ካርድ የአንዱን አሥር እጥፍ ሥራ በጠየቀ ነበር። ነገር ግን ካርዱ ትርጉም የሚያገኘው ከጎረቤቱ ጋር ሲነበብ ነው፤ ጽዋው ከሰይፉ ጋር፣ ባሕታዊው ከፀሐይዋ ጋር ሲሆን ሌላ ነገር ይናገራል። ሦስት ካርዶች በመካከላቸው ሦስት ጥንዶች ብቻ አሏቸው፤ አሥር ካርዶች 45 ጥንዶች፣ 15 ካርዶች ደግሞ 105 ጥንዶች ይኖሯቸዋል። ያን ያህል ግንኙነት በአንድ ማታ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው የለም። ስለዚህ የሚሆነው ነገር አንድ ነው፤ ዓይናችን ከ105ቱ ውስጥ ለፍርሃታችን ወይም ለምኞታችን የሚስማሙትን ጥቂቶች መርጦ ሌሎቹን ያልፋቸዋል። ብዙ ካርድ ብዙ ነገር የሚገልጥ ይመስላል፤ በተግባር ግን የራሳችንን ስሜት ለመምረጥ ሰፊ ሜዳ ይከፍትልናል። በተለይ ለራስ በሚደረግ ንባብ ላይ ይህ አደጋ ከፍ ያለ ነው፤ ምክንያቱም ከፊት ለፊታችን ተቀምጦ «ያንን ካርድ ለምን ዘለልከው?» የሚለን ሁለተኛ ሰው የለም።

የማብራሪያ ካርድ የሚባለውንም ከዚህ ለይቼ አላየውም። ያልወደዱት ካርድ ሲወጣ ሌላ እየጨመሩ መሄድ፣ የመጀመሪያው ምስክር ያልተመቸውን የተናገረበት ተሟጋች የሚፈልገውን ቃል የሚሰጥ እስኪያገኝ ድረስ ምስክር እየቆጠረ እንደሚያቀርበው ነው፤ በመጨረሻ የሚያገኘው ቃል ከመጀመሪያው የበለጠ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር አይኖርም። ጥሩ ካርድ ሲወጣ «ይህን ደግሞ አንድ ካርድ ያብራራልኝ» የሚል ሰው ብዙ እንደማይገኝ ልብ ይበሉ። የማብራሪያ ካርድ የሚፈልጉ ከሆነ፣ እርሱም አስቀድሞ ይቆጠር፤ «ሦስት ካርድ አወጣለሁ፤ ለሦስተኛው ቦታ ደግሞ አንድ ማብራሪያ እጨምራለሁ» ብለው ከመበወዝዎ በፊት ከወሰኑ፣ ሦስተኛው ካርድ ደስ ቢያሰኝዎትም ባያሰኝዎትም አራተኛው ይወጣል። ያን ጊዜ ካርዱ የተጠራው በንባቡ ሥርዐት እንጂ በድንጋጤ አይሆንም።

ታዲያ ቁጥሩ በምን ይወሰን? በጥያቄው ነው። ጥያቄዎን በወረቀት ላይ ይጻፉትና ስንት የተለያዩ ነገሮች ማወቅ እንደሚፈልጉ ይቁጠሩ፤ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ካርድ፣ ለእያንዳንዱም ካርድ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚነገር ሥራ ይስጡ። ሥራው በአንድ ዐረፍተ ነገር ካልተነገረ ያ ካርድ አያስፈልግም። የእርስዎን ጥያቄ በዚህ መንገድ ብንመረምረው «ላናግራት ወይስ ልጠብቅ» የሚለው ከላይ ሲታይ የሁለት መንገድ ምርጫ ይመስላል፤ ነገር ግን ደብዳቤዎ እንደሚያሳየኝ እህትዎን ማናገር ይፈልጋሉ፤ የቸገረዎት እንዴት እንደሚጀምሩ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ቦታዎች እንዲህ አድርጌ አቀርብልዎታለሁ። የመጀመሪያው፣ ከዚህ ጠብ በልቤ ይዤው የቀረሁት ምንድን ነው? ሁለተኛው፣ ለማየት የማልፈልገው ምንድን ነው? ሦስተኛው፣ እኔ ልወስደው የምችለው እርምጃ ምንድን ነው? ሦስቱም ስለ እርስዎ መሆናቸውን ያስተውሉ። «እህቴ ስለ እኔ ምን ታስባለች?» የሚል ቦታ ሆን ብዬ አላስገባሁም፤ የሌላ ሰው ልብ በካርድ ሲገመት የሚነበበው በአብዛኛው የገማቹ ሥጋት ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ከካርዱ የተሻለ መልስ ያላት እህትዎ ናት።

እንዴት እንደሚነበብ በምሳሌ ላሳይዎ። በመጀመሪያው ቦታ አምስት ጽዋ ወጣ እንበል። በስሚዝ ሥዕል ላይ ጥቁር ካባ የተከናነበ ሰው አንገቱን ደፍቶ የፈሰሱ ሦስት ጽዋዎችን ያያል፤ ከጀርባው ሁለት ያልተደፉ ጽዋዎች ቆመዋል፤ ራቅ ብሎ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቤት የሚያሻግር ድልድይ አለ። በሁለተኛው ቦታ ሁለት ሰይፍ ወጣ፤ ዓይኗን በጨርቅ የታሰረች ሴት ባሕሩን ከኋላዋ አድርጋ፣ ሁለት ሰይፎችን በደረቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። በሦስተኛው ቦታ የጽዋው ወጣት አገልጋይ ወጣ፤ ወጣቱ በያዘው ጽዋ ውስጥ ብቅ ያለች ዓሣ ቀና ብላ ታየዋለች፣ እርሱም በጉጉት ያያታል። እነዚህን ሦስት ሥዕሎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ማያያዝ ይቻላል፤ የፈሰሰውን ብቻ እያየሁ የቀረውን ረስቻለሁ፣ ላለመጎዳት ብዬ ራሴን በራሴ ጋርጄ ተቀምጫለሁ፣ ልወስደው የምችለው እርምጃም ከባድ ክርክር ሳይሆን ትንሽና ያልተጠበቀ የወዳጅነት ቃል ነው። የጽዋው ምድብ ሁለት ጊዜ መምጣቱም ጉዳዩ ማን ትክክል ነበር ከሚለው ይልቅ የፍቅርና የቅሬታ ጉዳይ መሆኑን እንድናስብ ይጋብዛል። አሁን እዚህ ላይ አራተኛ፣ አምስተኛ ካርድ ቢጨመር ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበተናል፤ የሚተካውም የተሻለ ዐረፍተ ነገር ለመሆኑ ዋስትና የለም።

ጥቂት ካርድ ማውጣት ጉዳዩን ማቃለል ነው ስላሉት ስሜት በቀና ልብ የተጻፈ መሆኑን እረዳለሁ፤ እህትዎን ስለሚወዱ ለጉዳዩ ክብር መስጠት ፈልገዋል። ሆኖም ክብሩ የሚገለጸው በካርዱ ብዛት ሳይሆን በእያንዳንዱ ካርድ ላይ በሚያጠፉት ጊዜ ነው። ከላይ በጠቀስኩት አምስት ጽዋ ውስጥ ሰውየው፣ ካባው፣ የፈሰሱት፣ ያልፈሰሱት፣ ወንዙ፣ ድልድዩና ቤቱ አሉ፤ እያንዳንዳቸው ጥያቄ ያነሣሉ። የመጽሐፍ ትርጉም ከመፈለግዎ በፊት ሥዕሉን ብቻ እያዩ የሚታይዎትን ይጻፉ። አንድ ካርድ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ብዙ አይደለም፤ በዚህ ስሌት አሥር ካርድ ሁለት ሰዓት ተኩል እንደሚጠይቅ ያስተውሉና፣ ያን ያህል ጊዜና ልብ ያለዎት በየትኛው ቀን እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ።

ሌሎቹን ቁጥሮች ባጭሩ ልጥቀስ። የየጠዋቱን አንድ ካርድ እንዲተዉ አልመክርም፤ ካርዶቹን ለመላመድ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ አንድ ካርድ ግን «ዛሬ ምን ላስተውል?» ለሚለው እንጂ ለውሳኔ አይበቃም። ሁለት ካርድ ደጋፊና ተቃራኒ ነገርን ለማነጻጸር ይጠቅማል። በእርግጥ ሁለት መንገዶች ከፊትዎ ሲኖሩ፣ ለምሳሌ ሁለት የሥራ ግብዣዎች ሲቀርቡልዎት፣ አምስት ካርድ ተገቢ ነው፤ ለእያንዳንዱ መንገድ የሚያስገኘውና የሚያስከፍለው ሁለት ሁለት ካርድ፣ አምስተኛው ደግሞ ምርጫውን ከባድ ያደረገብኝ ምንድን ነው ለሚለው።

አሥር ካርድ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ትልቁ ዝርጋታ ትንሹ ሊሰጥ የማይችለው አንድ ጥቅም አለው፤ እርሱም የጠቅላላውን መልክ ማሳየቱ ነው። በሦስት ካርድ ንባብ ውስጥ አንድ የተወሰነ ምድብ፣ ለምሳሌ ጽዋ፣ ፈጽሞ ሳይገኝ የሚቀርበት ዕድል ከመቶ 55 ገደማ ስለሆነ፣ አለመኖሩ ምንም አይናገርም። በአሥር ካርድ ንባብ ግን አንድ የተወሰነ ምድብ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው ከመቶ 12 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከአሥሩ መካከል አንድም ጽዋ ከሌለ ወይም ስድስቱ ሰይፍ ከሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። ይህን ዝርጋታ አንድ ረጅም የሕይወት ምዕራፍ ሲዘጋ ወይም ሲከፈት፣ ልብዎ በረጋበትና ጊዜ ባለዎት ቀን ይጠቀሙበት። ሲያነቡም መጀመሪያ ነጠላ ካርዶቹን ትተው ምድቦቹን፣ ዐበይቱንና የሚደጋገሙትን ቁጥሮች ይቁጠሩ። በጠብ ማግስት፣ ልብ በሚመታበት ሰዓት የሚዘረጋ አሥር ካርድ ግን የሚያሳየው የዕለቱን ጭንቀት ነው።

የተገለበጡ፣ ማለትም ሥዕላቸው ተዘቅዝቆ የወጡ ካርዶችን በተለየ ትርጉም የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የመገልበጥ ልማድ የእያንዳንዱን ካርድ ትርጉም ሁለት ስለሚያደርገው፣ 78ቱ ካርዶች 156 ሊነበቡ የሚችሉ መልኮች ይኖሯቸዋል። ሦስት ካርድ በእርጋታ ማንበብ እስኪለምዱ ድረስ ካርዶቹን ሁሉ ቀና አድርገው ቢያነቡ ምንም አይጎድልብዎትም።

ያን ዕለት የወጣውን ግንብ በተመለከተ፣ አምስቱን ተጨማሪ ካርዶች ከማስታወሻዎ ይሰርዟቸውና አሥሩን ብቻ ያስቀምጡ። ግንቡ በፍጻሜ ቦታ ላይ ሲወጣ ግንኙነቱ ይፈርሳል ብሎ ማንበብ አንዱ አማራጭ ብቻ ነው፤ የሚፈርሰው በሁለታችሁ መካከል የቆመው ዝምታ ነው ብሎ ማንበብም ከሥዕሉ ጋር በትክክል ይስማማል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ 16ኛ ካርድ ሊነግርዎ አይችልም፤ የሚወሰነው እርስዎና እህትዎ በምታደርጉት ነው።

እንግዲህ ለአዲሱ ንባብ ጥቂት ቀን ይታገሡ፤ ከተረጋጉ በኋላ ጥያቄውንና ሦስቱን ቦታዎች በወረቀት ጽፈው ከፊትዎ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ይበውዙ፣ ሦስት ካርድ ይምዘዙ፣ የቀሩትን 75ቱን ወዲያውኑ ወደ ማኅደራቸው መልሰው ይዝጉት፤ እጅ የሚቀርበው ክምር ሁልጊዜም ይፈትናል። ከእያንዳንዱ ካርድ ሥር አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። ንባቡ ድፍንፍን ብሎ ከቀረ ካርድ አይጨምሩ፤ የጻፉትን በማግስቱ እንደገና ያንብቡት። በሦስተኛው ካርድ ሥር የጻፉትን እርምጃ እስኪወስዱ ወይም ላለመውሰድ በግልጽ እስኪወስኑ ድረስም በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላ ካርድ አያውጡ። የየጠዋቱ አንድ ካርድ ግን እንደ ልማድዎ ሊቀጥል ይችላል፤ የእህትዎን ጉዳይ እንዳይጠይቁበት ብቻ ይጠንቀቁ።